እስጢፋኖስ ምን ብሎ ተሳደበ? «ክሱ ትክክል ነበር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድ ጓደኛዬ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና መልስ ስጥልኝ፤ ቢሮ ውስጥ ተከራክሬበት አፌን አስያዙኝ» ይላል መልእክቱ። አነበብኩት። ማታ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕሩ ይጣፍጣል፤ አንዳንድ ቦታም እውነት አለው።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች «በእግዚአብሔር ላይ ተሳደባችሁ» ተብለው የተከሰሱት በሐሰት አይደለም፤ የምር ተሳድበዋል። የመጀመሪያው ሰማዕት፣ ዲያቆኑ እስጢፋኖስ በሙሴ ሕግ ተከሶ በሙሴ ሕግ ተወገረ። ምስክሮቹ «ሐሰተኞች» የተባሉት ታሪኩን የጻፈው የእሱ ወገን ስለሆነ ነው። ሮማውያንም የማንንም ሃይማኖት የማይነኩ ቻይ ሰዎች ነበሩ፤ አማልክታቸው ሲሰደቡ ግን ዝም ማለት አልቻሉም። ማሰሪያው ደግሞ «ጥፋቱ የከሳሽ ጆሮ ሳይሆን የተከሳሽ ምላስ ነው» የሚል ነው።

ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል፤ ጽሑፉ የሚሰናከለው እዚሁ ነው። በአማርኛ «ስድብ» ስንል ታክሲ ውስጥ በመልስ ምክንያት የሚወረወረውንም፣ በፈጣሪ ላይ የሚነገረውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ግእዙ ይሻላል። በፈጣሪ ላይ ለሚነገረው «ጽርፈት» የሚል ቃል አለው። የግሪኩ «ብላስፌሚያ» ደግሞ እንደ አማርኛው ሰፊ ነው፤ የሰውን ስም ማጥፋትንም ይጨምራል። ጽሑፉ በዚህ ስፋት ይጠቀማል። አንዴ «ስድብ» ሲል በኦሪት የተከለከለውን ስመ እግዚአብሔርን መራገም ማለቱ ነው። ሁለት አንቀጽ ወረድ ሲል ሰሚን የሚያስቆጣ ንግግር ይሆናል። ሮም ሲደርስ ደግሞ ለጣዖት አለማጠን ሆኖ ይመጣል። ሦስቱ ለየቅል ናቸው።

«እስጢፋኖስ በሕግ ተከሶ በሕግ ተፈረደበት» ይላል የመጀመሪያው ነጥብ። ማስረጃው ዘሌዋውያን 24 ነው። ምዕራፉ እናቱ እስራኤላዊት፣ አባቱ ግብፃዊ የሆነ አንድ ሰው በሰፈር ጠብ መሃል የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ እንደሰደበ ይናገራል። ሰውየው መጀመሪያ በእስር ቆየ። ትእዛዝ ሲመጣ የሰሙት ሰዎች እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑና ማኅበሩ ወገረው። እንግዲህ ወንጀሉ የተወሰነ ነው፦ ስሙን መጥራትና መራገም።

የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሕግ ምን ያህል አጥብበው እንደተረጎሙት በሚሽና ውስጥ ይገኛል። ሚሽና የቃል ሕጋቸው ስብስብ ነው፤ የተጠናቀረው በ200 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ በእስጢፋኖስ ዘመን ሥርዓቱ ሁሉ እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ስሙት፣ ደስ ይላል። ተከሳሹ ስሙን ራሱን ካልጠራ በሞት አይቀጣም። ምስክሮች ሲጠየቁ ስድቡን እንዳለ አይደግሙትም፤ በእግዚአብሔር ስም ቦታ «ዮሴ» የሚል መሸፈኛ ስም ያስገባሉ። ፍርዱ ሊሰጥ ሲል ሕዝቡ ይወጣል። ከዚያ ዋናው ምስክር «የሰማኸውን በግልጽ ተናገር» ይባላል። ሲናገር ዳኞቹ ብድግ ብለው ልብሳቸውን ይቀዳሉ፤ የተቀደደውም አይሰፋም። ሁለተኛው ምስክር «እኔም እንደ እሱ ሰማሁ» ብሎ ያበቃል። ያን ቃል ደግሞ መናገር አይጠበቅበትም።

በሞት ፍርድ ነጻ ማውጣት በዕለቱ ይቻላል፤ መፍረድ ግን ለማግስቱ ይቀራል። ተፈራጁ ሲወጣም አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ በሸንጎው ደጃፍ ይቆማል። ሌላው በፈረስ ተቀምጦ ጨርቁን ማየት እስከሚችልበት ርቀት ይሄዳል። ድንገት አንድ ሰው «ለዚህ ሰው የምለው አለኝ» ቢል ጨርቁ ይውለበለባል፤ ፈረሰኛው ጋልቦ ያስቆማቸዋል። ለአንድ ተሳዳቢ ይህን ያህል!

አሁን የሐዋርያት ሥራ 6 እና 7ን እናንብብ። ሸንጎው ተሰብስቧል። ሊቀ ካህናቱ «ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብሎ ጠየቀ፤ እስጢፋኖስ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያስ? ምስክር አልተመረመረም። ፍርድ ሲነበብ አንሰማም። ጆሯቸውን ደፈኑ፣ ጮኹ፣ ባንድነት ሮጡበት፣ ከከተማ አውጥተው ወገሩት ነው የሚለው። ይህ ፍርድ ቤት ከሆነ የመርካቶ ግርግርም ችሎት ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ከከተማ ማውጣታቸውና ምስክሮቹ ልብሳቸውን አውልቀው መውገራቸው የሕጉ ጥላ አለበት፤ ዘዳግም 17 የምስክሮቹ እጅ ይቅደም ይላልና። የሆነ ሥርዓት ለመከተል ሞክረዋል። ነገር ግን ያው ዘዳግም ሁለት ምዕራፍ አልፎ ዳኞቹ አጥብቀው እንዲመረምሩ፣ ምስክሩ ሐሰተኛ ከሆነ በወንድሙ ላይ ያሰበው በራሱ ላይ እንዲደረግበት ያዛል። ይህኛው ክፍል ተዘለለ። በዚያ ላይ በዮሐንስ ወንጌል 18 ለጲላጦስ «ማንንም ልንገድል አልተፈቀደልንም» ያሉት የአይሁድ መሪዎች ናቸው። የሞት ቅጣት ሥልጣን በሮማዊው ገዥ እጅ ነበር።

ከጓደኛዬ ወገን ለሆኑትም አንድ ነገር አለኝ። «አይሁድ ገደሉት» ብላችሁ አትለፉት። እስጢፋኖስ ራሱ አይሁዳዊ ነው። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ በዚሁ ሸንጎ ተነሥቶ «ተዉአቸው» ያለው ገማልያል አይሁዳዊ ነው። በ62 ዓ.ም. ደግሞ ሊቀ ካህናቱ ሐናን ሮማዊው ገዥ መንገድ ላይ ሳለ ጊዜ አገኘሁ ብሎ ሸንጎ ሰበሰበ፤ የኢየሱስን ወንድም ያዕቆብንና ሌሎችን «ሕግ አፈረሱ» አሰኝቶ አስወገራቸው። ይህን የሚነግረን የዚያው ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ ነው። በድርጊቱ የተቆጡት እነማን ነበሩ? ሕግ ጠንቃቂ የሆኑት የከተማው አይሁድ። ለንጉሥ አግሪጳም ለመጪው ገዥ ለአልቢኖስም አቤት አሉ። ሐናንም ገና በሦስት ወሩ ከሹመቱ ተነሣ። «ሕጉ እንዲህ ነበር» ለሚል ሰው፣ ሕጉን የሚያውቁት ሰዎች «ሕጉ እንዲህ አይደለም» ብለዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ጓደኛዬን አፉን ያስያዘውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። «ምስክሮቹ ምን ዋሹ? መቅደሱን ተናገረ አሉ፤ እስጢፋኖስም ተነሥቶ ልዑል የሰው እጅ በሠራችው አይኖርም አለ። መሰከሩበት እንጂ ምን አደረጉት?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሱን ቀስ ብለን እናንብበው። ከእስጢፋኖስ ጋር የተከራከሩት የነጻ ወጪዎች ከምትባል ምኵራብ፣ ከቀሬና፣ ከእስክንድርያ፣ ከኪልቅያና ከእስያ የመጡ ሰዎች ናቸው። በክርክር አልቻሉትም። ከዚያ ሰው አዘጋጁ። ምዕራፍ 6 ቁጥር 11 ላይ ክሱ «በሙሴና በእግዚአብሔር ላይ የስድብ ነገር ተናገረ» ነው። ሸንጎ ሲደርስ፣ ቁጥር 13 ላይ፣ «በተቀደሰው ስፍራና በሕግ ላይ» ሆነ። እግዚአብሔር ከክሱ ወጣ! ቁጥር 14 ላይ ደግሞ ከራሱ ከእስጢፋኖስ ቃልም ወርዶ «የናዝሬቱ ኢየሱስ ይህን ስፍራ ያፈርሰዋል፣ ሥርዓቱንም ይለውጣል ሲል ሰምተነዋል» ሆነ። ሦስት ቁጥር ውስጥ ክሱ ሦስት መልክ አወጣ። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ያውቀዋል። ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠው ቃልና ችሎት ላይ የተነገረው ካልተገጣጠመ ጠበቃው እዚያው ላይ ነው የሚይዘው።

የሐሰት ምስክር ደግሞ ሁልጊዜ ከባዶ አይፈጥርም። ቆርጦ ነው የሚቀጥለው። እስጢፋኖስ ስለ መቅደሱ ተናግሯል፤ እሺ። የተናገረው ግን ከኢሳይያስ 66 ነው፦ «ሰማይ ዙፋኔ ነው፣ ምድርም የእግሬ መረገጫ ናት፤ ለእኔ ምን ዓይነት ቤት ትሠራላችሁ?» መቅደሱን ያሠራው ሰሎሞን ራሱ በምረቃው ቀን ሰማየ ሰማያት እንኳ አይይዝህም፣ ይህ የሠራሁት ቤትማ እንዴት ብሎ ጸልዮአል። ይህ ጽርፈት ከሆነ ሰሎሞንም ይጠየቅበት።

እውነቱን ለመናገር «የሰው እጅ የሠራችው» የሚለው አነጋገር ይቆረቁራል። የግሪኩ ብሉይ ኪዳን ይህንኑ ቃል ለጣዖት ይጠቀምበታል። ሰሚዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ቀጥሎም «አንገተ ደንዳኖች» አላቸው። ልስላሴ የለውም፤ እኔም ጠበቃ ብሆን «ዲያቆን፣ እባክህ ቀስ» እለው ነበር። ነገር ግን ሙሴም «አንገተ ደንዳና» ብሏቸዋል። ነቢያቱም ከዚህ የባሰ ተናግረዋል።

መቅደሱ ይፈርሳል ማለትስ? ኤርምያስ 26ን አንብቡ። ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ቆሞ «ይህን ቤት እንደ ሴሎ አደርገዋለሁ» አለ፤ ሴሎ የፈረሰ የቀድሞ መቅደስ ስፍራ ናት። ካህናቱና ነቢያቱ ያዙት፤ «ሞት ይገባዋል» አሉ። ሽማግሌዎች ተነሡና ሚክያስም በሕዝቅያስ ዘመን ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ ነበር፣ ንጉሡ ገደለው እንዴ ብለው ጠየቁ። ኤርምያስም ተረፈ። ተመሳሳይ ትንቢት የተናገረው ኦርዮ ግን ከግብፅ ተይዞ መጥቶ ተገደለ፤ ያው ምዕራፍ ይህንንም አልደበቀም።

ወደ እስጢፋኖስ ዘመን ቀረብ ያለም አለ። ዮሴፍ እንደጻፈው የሐናንያ ልጅ ኢየሱስ የሚባል አንድ ገበሬ አይሁድ ከሮም ጋር ከተዋጉበት ጦርነት አራት ዓመት በፊት «ወዮ ለኢየሩሳሌም!» እያለ በየመንገዱ ይጮህ ጀመር። ያዙት፣ ደበደቡት። ለአልቢኖስ ሰጡት። አጥንቱ እስኪታይ ተገረፈ፤ እሱ ግን በየግርፋቱ «ወዮ ለኢየሩሳሌም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ገዥው «እብድ ነው» ብሎ ለቀቀው። ሰባት ዓመት ከአምስት ወር ጮኸ። ከተማዋ ስትከበብ ከመወርወሪያ መሣሪያ የተወነጨፈ ድንጋይ ገደለው። መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ተቃጠለ። ይህ ሰው መቅደሱን በስሙ ጠርቶ ወዮ ብሏል፤ በጽርፈት ግን አልተወገረም።

ታዲያ እስጢፋኖስ ለምን ተገደለ? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ ሳይነካው ማለፉ ይገርመኛል። ስለ መቅደሱ ተናግሮ «አንገተ ደንዳኖች» ሲላቸውም ጥርሳቸውን አፋጩ እንጂ አልተነሡበትም። ጆሯቸውን የደፈኑት «ሰማያት ተከፍተው የሰው ልጅም በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ አያለሁ» ሲል ነው። ይህ ደግሞ ከክሱ ውስጥ የለም። ከሦስቱ መልኮች በአንዱም የለም። ለሰሚዎቹ ጆሮ ይህ ጽርፈት እንደነበር አልክድም፤ ሊቀ ካህናቱ ኢየሱስን ሲመረምርም ልብሱን የቀደደው ተመሳሳይ ቃል ሲሰማ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የሚለው «ክሱ እውነት ነበር» ነው። በአንድ ነገር ከሰው፣ በሌላ ነገር ነው የገደሉት።

ሦስተኛው ነጥብ ወደ ሮም ይወስደናል። «ሮማውያን ቻይ ነበሩ፤ ክርስቲያኖች አማልክቱን ስለሰደቡ ተቀጡ።» ቻይነታቸውን በከፊል እቀበላለሁ። ጸሐፊው «ስደቱ ያለማቋረጥ በግዛቱ ሁሉ አልነበረም» ማለቱም ልክ ነው፤ የእኛ ሰባኪዎች አንዳንዴ ያበዙታል። ነገር ግን የቀረው አይሆንም። ለምን ቢባል፣ ሮማዊ ዳኛ ምን እንደጠየቀ የዳኛው ደብዳቤ አለን።

ፕሊኒ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜን የነበረውን የቢታንያና ጳንጦስ ግዛት ያስተዳድር ነበር። በ112 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ጻፈ። ተከሳሾቹን «ክርስቲያን ነህ?» እያለ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የጸኑትን ያስገድላል። «አይደለሁም» ያሉት ለአማልክቱ እንዲጸልዩ፣ በንጉሡ ምስል ፊት ዕጣንና ወይን እንዲያቀርቡ፣ ክርስቶስንም እንዲረግሙ ይደረጋል። የእውነት ክርስቲያኖች ይህን በግድም አያደርጉትም ይባላል ሲልም ጨምሯል። ሁለት ሴት ባሮችን አስገርፎ መረመረ፤ በማኅበራቸው አገልጋዮች ነበሩ። ያገኘው ነገር ምንድን ነው? በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ። እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩ፣ አደራ እንዳይበሉ ይማማላሉ። ምግባቸውም እንደ ማንም ሰው ምግብ ነው። አማልክትን ስለ መስደብ አንድ ቃል የለም። ትራያኖስም ፈልጋችሁ አትያዟቸው፣ ስም በሌለው ክስ አትቀበሉ፣ የካደና ለአማልክቱ የሰገደ ይማር ብሎ መለሰ።

ልብ በሉ። ተሳዳቢ ናቸው ተብለው ለተጠረጠሩ ሰዎች መፈቻው መሳደብ ነው! ክርስቶስን ስደብ፣ ወደ ቤትህ ሂድ። ክርስቲያኑ ጸሐፊ ተርቱልያኖስ በ197 ዓ.ም. አካባቢ ይህን አንስቶ ቀልዷል። ሌላውን ወንጀለኛ እንዲያምን ትገርፉታላችሁ፣ እኛን ግን እንድንክድ ነው የምትገርፉን ይላል።

የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፖስን ተመልከቱ። ሰምርኔስ የዛሬዋ ኢዝሚር ናት። ዘመኑ የ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። በስታዲየሙ ሕዝቡ ጢም ብሏል። ክሱ አምላክ የለሽነት ነው፤ ምስል የሌለው አምላክ ለእነሱ አምላክ አይደለም። ገዥው «ለሽምግልናህ እዘን፤ 'አምላክ የለሾች ይወገዱ' በል» አለው። ሽማግሌው ዞር ብሎ በስታዲየሙ ያለውን ሕዝብ አየ። እጁን ወደ እነሱ ወዝወዝ አደረገ፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ተነፈሰና «አምላክ የለሾች ይወገዱ» አለ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ጨዋታ! ገዥው ግን አልበቃውም። «ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ» አለ። «86 ዓመት አገለገልኩት፤ አንድም ክፉ አላደረገብኝም። ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» ተሳደብክ የተባለው ሰው የሞተው አልሳደብም ብሎ ነው።

ነገሩ ከጊዜ በኋላ ወረቀትም ወጣለት። በ249 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ዴቅዮስ ሁሉም ለአማልክት ይሠዋ ብሎ አዋጅ አወጣ። በግብፅ አሸዋ ውስጥ ከዚያ ዘመን የተረፉ ከ40 በላይ የምስክር ወረቀቶች ተገኝተዋል። አንዱ ባለወረቀት 72 ዓመቱ ነው፤ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። ሁልጊዜ ለአማልክት ሠውቻለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ አፍስሻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ፣ ስለዚህ ይረጋገጥልኝ ይላል። ከሥሩ ፊርማ። ከቀበሌ መሸኛ የሚለየው ማኅተም ማነሱ ነው። ወረቀቱን የሚያወጡት ክርስቲያኖች ብቻ አልነበሩም፤ ሁሉም ነው የታዘዘው። ጥያቄው ግን «ተሳድበሃል?» ሳይሆን «ሠውተሃል?» ነው።

ክርስቲያን ጸሐፊዎች በጣዖት አልቀለዱም? ቀልደዋል፣ ያውም በደንብ። ዮስጢኖስ ሰማዕትም በእናንተ አማልክት በኩል አምላክ የለሾች ከሆንን እሺ ነን፣ በእውነተኛው አምላክ በኩል ግን አይደለንም ብሎ ጽፏል። ነገር ግን ዳኞቹ የፈረዱት በቀልዱ አልነበረም። በኤፌሶን፣ የአርጤምስን የብር ቤተ መቅደስ እየሠራ የሚሸጠው ድሜጥሮስ ገበያው ቀዝቅዞበት ከተማውን ሲያነሣሣ፣ የከተማይቱ ጸሐፊ ወጥቶ ስለ ጳውሎስ ባልደረቦች እነዚህ ሰዎች መቅደስ አልዘረፉም፣ በአምላካችሁም ላይ አልተሳደቡም ብሎ ሕዝቡን በተነ። የሐዋርያት ሥራ 19 ነው። «የጻፈው የእነሱ ወገን ነው» እንደሚባል አውቃለሁ። የፕሊኒ ደብዳቤስ የማን ወገን ነው? እሱም ቤተ መቅደሶቹ ጭር ብለው እንደነበርና የመሥዋዕት ሥጋ ገዢ አጥቶ እንደነበር ጽፏል። ክስ ከገበያ ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ ከዚህ ይታያል።

ጽሑፉ በሩቁ ነካ አድርጎ ያለፈው አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ይህ ክስ ኋላ በክርስቲያኖችም እጅ ገብቷል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው አሉ። ፀረ ማርያም ተብለው ተከሰሱ፤ ብዙዎቹም ተሰቃይተው ሞቱ። መሪያቸው አባ እስጢፋኖስ ይባላል። ከሳሾቹም በየወሩ በ17 የሰማዕቱን የእስጢፋኖስን በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ።

የቀረችኝ አንዲት እርማት ናት። ጽሑፉ «ሳውልም ድንጋይ ወረወረ» ይላል፤ ኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ የተባለውን ማለቱ ነው። አልወረወረም። ምስክሮቹ ልብሳቸውን በእግሩ ሥር አኖሩ፤ እሱ በመገደሉ ተስማምቶ ጠበቀ። ይህ ሰው ዓመታት ቆይቶ በአግሪጳ ፊት ቆመና በየምኵራቡ እየቀጣኋቸው እንዲሳደቡ አስገድዳቸው ነበር ብሎ ተናዘዘ። ለጢሞቴዎስ በተጻፈው መልእክት ደግሞ ራሱን «ቀድሞ ተሳዳቢ» ይላል። በዚያ ቀን ከነበሩት ሁሉ «ተሳድቤያለሁ» ብሎ ያመነ እሱ ብቻ ነው፤ የቆመው ደግሞ በከሳሾቹ በኩል ነበር።